በእንግሊዝኛ የእንቅስቃሴ ግሥ ከተውሳከ ግሥና ከንኡስ አንቀጽ ጋራ ስለሚጣመርበት አገባብ

አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ልጅ እንግሊዝኛን ሲጀምር አስቀድሞ የሚያጠናው የቃላትን ዝርዝር ነው። «ጎ» ሄደ፥ «ከም» መጣ፥ «ረን» ሮጠ፥ «አውት» ውጭ፥ «ኢን» ውስጥ እያለ በቃሉ ይይዛል፤ መምህሩም የጠየቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ሲመልስለት ትምህርቱ የገባው ይመስለዋል። ከዚህ በኋላ ያው ልጅ መጽሐፍ ገልጦ «ዘ ላምፕ ዌንት አውት» የሚል ንባብ ያገኛል። «ላምፕ» መብራት፥ «ዌንት» ሄደ፥ «አውት» ውጭ መሆኑን ያውቃልና «መብራቱ ወደ ውጭ ሄደ» ብሎ ይተረጕማል። የተጻፈው ግን «መብራቱ ጠፋ» ነው። ቃሎቹን ሁሉ እያወቀ ነገሩ አመለጠው።

ይህ ስሕተት ከስንፍና የሚመጣ አይደለም። እንግሊዝኛ የንግግሩን ሸክም በግሥና ግሡን በሚከተሉት ጥቃቅን ቃላት መካከል የሚያካፍልበት ሥርዓት ከአማርኛው የተለየ ስለ ሆነ ነው። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነውና፥ ከመንደር ትምህርት ቤት ተነሥቶ ወደዚያ የሚያልፍ ተማሪ ጂኦግራፊውንም ታሪኩንም ሳይንሱንም የሚያገኘው በነዚህ ጥቃቅን ቃላት ተሳስሮ ነው። እነርሱን በልጅነቱ ካልለየ፥ ኋላ ትምህርቱ የከበደው ሳይሆን የተጻፈበት ቋንቋ የከበደው ይሆናል፤ ሰው ግን ልጁን ሰነፍ ይለዋል።

በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛው ቃል ሁሉ በአማርኛ ፊደል ተጽፏል፤ የላቲንን ፊደል ያልተማሩ ሽማግሎችም ነገሩን እንዲከታተሉት ነው። መምህራን ግን በሰሌዳ ላይ በራሱ ፊደል ሊጽፉት ይገባል። «ስሩ» የተባለውን ቃል የመሰለ ድምፅ በአማርኛ ፊደል በትክክል የማይጻፍ ስለ ሆነ፥ አነባበቡን መምህሩ በአፉ ያሳያል።

አሁን የሁለቱን ቋንቋዎች ልዩነት ለመረዳት አንድ ቀላል ዐረፍተ ነገር ይበቃል። በአማርኛ «ልጁ ሮጦ ከቤት ወጣ» ይባላል። ማሰሪያው አንቀጽ «ወጣ» ነው፤ «ሮጦ» ቦዝ ሆኖ እንዴት እንደ ወጣ ይገልጻል። እንግሊዝኛው «ዘ ቦይ ራን አውት ኦቭ ዘ ሃውስ» ይላል። በዚህ ማሰሪያው አንቀጽ «ራን»፥ ማለት «ሮጠ» የሚለው ነው፤ «ወጣ» የሚለው ግሥ ግን ከቦታው የለም። ከግሡ በኋላ የተቀመጠችው «አውት» የምትባል ትንሽ ተውሳከ ግሥ እርሱን ተክታ ቆማለች። እንግዲህ በአማርኛ ጌታ የነበረው ቃል በእንግሊዝኛ ሎሌ ሆነ፤ ሎሌ የነበረው ደግሞ ጌታ ሆነ ማለት ነው። አማርኛ በማሰሪያው አንቀጽ አቅጣጫን ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ በማሰሪያው አንቀጽ አካሄድን ያስቀምጣል፤ አቅጣጫውን ለተውሳከ ግሡ ይተወዋል።

ይህም በአንድ ቃል ብቻ የሚገኝ አይደለም። «ስዋም አክሮስ» ዋኝቶ ተሻገረ ነው፤ «ፍሉ አዌይ» በርሮ ሄደ፤ «ሊምፕድ ባክ» እያነከሰ ተመለሰ፤ «ክሮልድ ዳውን» እየዳኸ ወረደ፤ «ዎክድ ኢን» በእግሩ ገባ ነው። እነዚህን ያስተዋለ ሰው አንድ የሚጠቅም ነገር ያገኛል። የቃላቱ ተራ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ «ስዋም» በ«ዋኝቶ»፥ «አክሮስ» በ«ተሻገረ» ትክክል ይመጣሉ። የተለዋወጠው ማዕርጋቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው የእንግሊዝኛውን ግሥ ቦዝ አድርጎ፥ ተውሳከ ግሡን ማሰሪያ አንቀጽ አድርጎ መተርጐምን ቢለምድ ከብዙ ድካም ይድናል። «ዋኘ ባሻገር» ብሎ ከሚንተባተብ «ዋኝቶ ተሻገረ» ብሎ ይጨርሰዋል።

ሊዮናርድ ታልሚ የተባለ የአሜሪካ የቋንቋ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓመት ባወጣው ጽሑፍ የዓለምን ቋንቋዎች በዚህ ልዩነት ከፍሎ አሳይቷል። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ቻይንኛም አቅጣጫን ከግሡ ውጭ በሚቆም ቃል የሚገልጹ ናቸው። የሴም ቋንቋዎች፥ እንዲሁም እስፓንኛና ፈረንሳይኛ አቅጣጫን በግሡ ውስጥ የሚያኖሩ ናቸው። እንግዲህ አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ የሚቸገርበት ምክንያት የእስፓንያውን ተማሪ ከሚያስቸግረው ጋራ አንድ ነው፤ የራሱ ቋንቋ ጕድለት እንደ ሆነ አድርጎ ሊያስብ አይገባውም።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በረጅም መንገድ ላይ ነው። የዓባይን ወንዝ ጉዞ የሚናገር ዐረፍተ ነገር ይወሰድ። በአማርኛ «ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ፥ ቁልቁል ወርዶ፥ በገደሉ መካከል አልፎ፥ ጎጃምን ዞሮ ሱዳን ይገባል» ይባላል። በዚህ ውስጥ አምስት ግሦች አሉ፤ ወጥቶ፥ ወርዶ፥ አልፎ፥ ዞሮ፥ ይገባል። እንግሊዝኛው ግን «ዘ አባይ ፍሎውስ አውት ኦቭ ሌክ ጣና፥ ዳውን ስሩ ዘ ጎርጅ፥ ራውንድ ጎጃም ኤንድ ኦን ኢንቱ ሱዳን» ቢል ይበቃዋል። የተጻፈው ግሥ «ፍሎውስ»፥ ማለት «ይፈሳል» የሚለው አንድ ብቻ ነው። «አውት ኦቭ» በወጥቶ፥ «ዳውን» በወርዶ፥ «ስሩ» በአልፎ፥ «ራውንድ» በዞሮ፥ «ኢንቱ» በይገባል ፈንታ ቆመዋል፤ «ኦን» የምትለው ደግሞ ጉዞው ሳይቋረጥ መቀጠሉን ታመለክታለች። የሚያስደንቀው በአማርኛው ውስጥ «ይፈሳል» የሚል ቃል ከቶ አለመኖሩ ነው፤ ማንም ግን ጐደለ አይልም። ወንዝ መፍሰሱ የታወቀ ነውና።

ይህን የማያውቅ ተማሪ ዐረፍተ ነገሩን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ አምስት ግሥ ፈልጎ በመካከላቸው «ኤንድ» እያለ ያያይዛቸዋል። ሰዋስዉ አይፈርስም፤ ነገር ግን ሥራው ጭነት እንደ በዛበት አህያ ይሆናል። ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ሲመልስ ደግሞ የባሰ ነው፤ «ይፈሳል» የሚለውን አንዱን ግሥ ይዞ የቀሩትን አቅጣጫዎች ሁሉ «ውጭ፥ ታች፥ ዙሪያ» እያለ ያለ ማሰሪያ ይበትናቸዋል።

እንግሊዝኛ አቅጣጫን በግሥ መናገር ከቶ አይችልም ማለት ግን አይደለም። «ኤንተር» ገባ፥ «አሴንድ» ወጣ፥ «ዲሴንድ» ወረደ፥ «ሪተርን» ተመለሰ የሚሉ ግሦች አሉት። እነዚህ ግን የመጡት ከውጭ ነው። የኖርማንዲ መስፍን ጊዮም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1066 ዓመት እንግሊዝን ድል ካደረገ በኋላ በቤተ መንግሥቱና በፍርድ ቤቱ ፈረንሳይኛ ሠለጠነ፤ ሊቃውንቱም በላቲን ይጽፉ ነበር። ከነዚህ ከሁለቱ ቋንቋዎች ብዙ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ባላገሩ ግን «ጎ ኢን»፥ «ጎ አፕ»፥ «ጎ ዳውን»፥ «ከም ባክ» ማለቱን አልተወም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ለአንድ ነገር ሁለት አነጋገር ቆይቷል፤ ከውጭ የመጣው ለመዝገብና ለክብር ጽሑፍ፥ የጥንቱ ለቤትና ለመንገድ ይነገራል።

አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ሁልጊዜ የሚመርጠው ከውጭ የመጣውን ነው፤ ከራሱ ቋንቋ ሥርዓት ጋራ ይስማማለታልና። «ሮጦ ገባ» ለማለት «ሂ ኤንተርድ ራኒንግ» ይላል። እንግሊዙ ይሰማዋል፤ እርሱ ግን «ሂ ራን ኢን» ይላል እንጂ እንዲህ አይልም። ከዚህም ጋራ «ወደ ቤት ገባ» የሚለውን «ወደ» ሲከተል «ኤንተርድ ኢንቱ ዘ ሃውስ» ብሎ ይሳሳታል። «ኤንተር» አቅጣጫውን በውስጡ የያዘ ስለ ሆነ፥ ለቤትና ለከተማ «ኢንቱ» አይጨመርለትም፤ «ኤንተርድ ዘ ሃውስ» ይበቃል። «ኤንተር ኢንቱ» የሚባለው ውል ለመግባትና ይህን ለመሰለው ነው።

ግእዝ የተማሩ ሽማግሎች በዚህ ትምህርት መምህሩን በብዙ ሊረዱት የሚችሉበት አንድ ስፍራ አለ፤ ይኸውም «ወጣ» የሚለው ግሥ ነው። በአማርኛ ሰው ከቤት ይወጣል፤ ተራራም ይወጣል። ቃሉ አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ሁለት ነው። ግእዝ እነዚህን ለይቶ፥ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሆን «ወፅአ»፥ ከታች ወደ ላይ ሲሆን «ዐርገ» ይላል። አማርኛ «ዐረገ» የሚለውን ለዕርገት ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ሁሉ ለ«ወጣ» ሰጠው። እንግሊዝኛ በዚህ ነገር እንደ ግእዙ ነው፤ «ወፅአ» በሚባልበት «ዌንት አውት»፥ «ዐርገ» በሚባልበት «ዌንት አፕ» ይላል። ተማሪው «ተራራውን ወጣ» ለማለት «ዌንት አውት ዘ ማውንቴን» ብሎ ቢጽፍ፥ ስሕተቱን የሚያርመው ግእዙ ነው።

የፀሐይም ነገር እንዲሁ ነው። በአማርኛ «ፀሐይ ወጣች» ሲባል ጧት መውጣቷ ወይም ከደመና መገለጧ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ «ዘ ሰን ኬም አፕ» ጧት መውጣቷ ነው፤ «ዘ ሰን ኬም አውት» ከደመና መገለጧ ነው። በተቃራኒው «ዘ ሰን ዌንት ኢን» የሚለውን ያነበበ ተማሪ «ፀሐይ ገባች፤ መሸ» ብሎ ያስባል፤ የተጻፈው ግን «ፀሐይ ደመና ውስጥ ገባች» ነው፤ ቀኑ ገና ቀን ነው። ለመምሸቱ «ዌንት ዳውን» ይላል። በታሪክ ንባብ ውስጥ አንድ ተማሪ ቀትሩን ማታ አድርጎ ካነበበ፥ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ሁሉ ይዛባበታል።

«ተቀመጠ»ና «ቆመ» የሚሉትም ግሦች በዚህ ሥርዓት ይታያሉ። «ቆመ» ማለት ከተቀመጠበት ተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ሲሄድ የነበረው ገታ ሊሆን ይችላል፤ ቆሞ ቈየም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ «ስቱድ አፕ» ለመነሣቱ፥ «ስቶፕድ» ለመግታቱ፥ «ስቱድ» ብቻውን ቆሞ ለመቈየቱ ይላል። «ሳት ዳውን» ቁጭ አለ ነው፤ «ሳት» ብቻውን ተቀምጦ ነበር ነው። ተውሳከ ግሧ ስትጨመር እንቅስቃሴ አለ፤ ስትቀር ዕረፍት ነው።

የመምጣትና የመሄድ ነገር ከሰዋስው ይልቅ ከልማድ የሚመጣ ችግር አለበት። ልጅ ከሩቅ ሲጠራ በአማርኛ «መጣሁ!» ብሎ ይመልሳል፤ ገና ሳይነሣ በሐላፊ ግሥ ይናገራል። ይህን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ አዙሮ «አይ ኬም» ቢል፥ የሰማው ሰው መቼና ወዴት እንደ መጣ ግራ ይገባዋል። እንግሊዙ የሚለው «አይ አም ከሚንግ» ነው። እንዲሁም ከጓደኞቹ መካከል ለጥቂት ጊዜ የሚለይ ሰው «መጣሁ» ወይም «ደርሼ ልምጣ» ይላል። ለዚህ በእንግሊዝኛ የሚስማማው «አይል ቢ ባክ» የሚለው ነው፤ በዚህ አነጋገር የእንቅስቃሴ ግሥ ከቶ የለም፤ «ባክ» የምትለው ተውሳከ ግሥ ብቻዋን የመመለሱን ነገር ሁሉ ተሸክማለች።

ተሳቢ ያለው ግሥ ሲሆን አማርኛ ማስደረጊያውን ይጠቀማል፤ ገባ፥ አስገባ፤ ወጣ፥ አወጣ፤ ወረደ፥ አወረደ። እንግሊዝኛ የመሸከም ወይም የመላክ ግሥ ወስዶ ያንኑ ተውሳከ ግሥ ይጨምርበታል፤ «ብሪንግ ኢን»፥ «ቴክ አውት»፥ «ካሪ ዳውን»። በዚህ ምክንያት አማርኛው ያልጠየቀውን ነገር እንግሊዝኛው ይጠይቃል። «መጽሐፉን መለሰው» ሲባል በአማርኛ ይበቃል። በእንግሊዝኛ ግን ለባለቤቱ ሰጥቶ እንደ ሆነ «ጌቭ ባክ»፥ በነበረበት ስፍራ አኑሮ እንደ ሆነ «ፑት ባክ»፥ በሰው እጅ ልኮ እንደ ሆነ «ሴንት ባክ» ይባላል። የቃላቱንም ስፍራ ማወቅ ያሻል። «ብሪንግ ዘ ቼር ኢን» ወይም «ብሪንግ ኢን ዘ ቼር» ቢባል ሁለቱም ትክክል ነው። በወንበሩ ፈንታ ተውላጠ ስም ሲገባ ግን «ብሪንግ ኢት ኢን» ብቻ ይባላል፤ «ብሪንግ ኢን ኢት» የሚል አነጋገር የለም።

እስከዚህ የተነገረው ተውሳከ ግሡ አቅጣጫውን ሲጠብቅ ነው። አቅጣጫውን ለቅቆ ሌላ ፍቺ የሚይዝበት ጊዜም ብዙ ነው። የእንግሊዝኛን ታላቅ መዝገበ ቃላት ያሰናዳው ሳሙኤል ጆንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1755 ዓመት በመቅድሙ፥ ለውጭ አገር ሰዎች ከሁሉ የሚከብደው ይህ የግሥና የጥቃቅን ቃላት ጥምረት መሆኑን አስታውቋል። «ዌንት ኦፍ» ስለ ጠመንጃ ሲነገር ባረቀ፥ ስለ ወተት ሲነገር ተበላሸ ነው። «ዊ ራን አውት ኦቭ ኦይል» ዘይት አለቀብን ማለት ነው እንጂ ማንም ሮጦ አልወጣም። «ዌንት ኦን» ቀጠለ ነው። ለነዚህ ሥርዓት መፈለግ ጊዜን ማጥፋት ነው፤ ጥምሩን እንደ አንድ ቃል ይዞ መሄድ ይሻላል። መምህሩ ሲያስጠናቸው ግሡን ብቻ ጽፎ ባያስጠና፥ «ዌንት» የሚለውን ብቻውን ባያሳይ መልካም ነው።

ቀጥሎ የንኡስ አንቀጽ ነገር ይመጣል። እንግሊዝኛ የተንቀሳቀሰውን ሰው ዐላማ ለመግለጽ «ቱ» የምትለውን ቃል በንኡስ አንቀጽ ፊት ያኖራል። «ሺ ራን አውት ቱ ሚት ሂም» ማለት «ልትቀበለው ሮጣ ወጣች» ነው። በዚህ ሦስቱ ነገሮች በአንድነት ይገኛሉ፤ አካሄዱ በግሡ፥ አቅጣጫው በተውሳከ ግሡ፥ ዐላማው በንኡስ አንቀጹ። አካሄድና አቅጣጫ በሁለቱ ቋንቋዎች ተራቸውን እንደ ጠበቁ ከላይ ታይቷል፤ ዐላማው ግን ቦታውን ይለውጣል። አማርኛ ዐላማውን አስቀድሞ ማሰሪያውን ይጨርሳል፤ እንግሊዝኛ መንገዱን ጨርሶ ዐላማውን በመጨረሻ ይናገራል።

በአማርኛ ዐላማው «ለመግዛት ሄደ»፥ «ሊገዛ ሄደ»፥ በመጽሐፍም አነጋገር «ይገዛ ዘንድ ሄደ» ይባላል። ለሦስቱም የእንግሊዝኛው ፍቺ «ዌንት ቱ ባይ» ነው። ተማሪው በ«ለመግዛት» ፊት ያለውን «ለ» ሲከተል «ዌንት ፎር ባይንግ» ይላል፤ ይህ ስሕተት እጅግ የተለመደ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ፎር ቱ» የሚል አነጋገር ነበረ፤ ዛሬ በትምህርት ቤት ቋንቋ አይገኝም። ሁለተኛው ስሕተት ንኡስ አንቀጹን በሐላፊ ማድረግ ነው፤ «ዌንት ቱ ቦት» አይባልም። ሐላፊነቱን «ዌንት» ተሸክሞታልና ንኡስ አንቀጹ አይለወጥም። «ቱ» ደግሞ ሁለት ሥራ እንዳላት ማሳወቅ ይገባል። «ዌንት ቱ ስኩል» ሲባል መስተዋድድ ናት፥ ስምም ይከተላታል፤ «ዌንት ቱ ለርን» ሲባል የንኡስ አንቀጽ ምልክት ናት።

ከዚህ ሁሉ ግን ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው፥ ንኡስ አንቀጹ ዐላማ ሳይሆን የደረሰውን ነገር የሚናገርበት ጊዜ ነው። «ሂ ኬም ባክ ቱ ፋይንድ ዘ ዶር ኦፕን» የሚለውን ተማሪ «በሩን ክፍት ሆኖ ሊያገኘው ተመለሰ» ብሎ ይተረጕማል፤ እንዲህማ ሰውየው ሌባ ነው ማለት ነው። ትክክለኛው «ቢመለስ በሩን ክፍት ሆኖ አገኘው» ነው። «ሺ ሊቭድ ቱ ሲ ሄር ግራንድችልድረን» ማለትም «የልጅ ልጆቿን ለማየት በቃች» ነው እንጂ «ልታያቸው ኖረች» አይደለም።

ከባሕር ማዶ የመጣ ደብዳቤ ወይም ወረቀት ይነበብልኝ ብላ አንዲት እናት ወደ መምህሩ ብትመጣ፥ በወረቀቱም ላይ ስለ ልጇ «ዌንት አዌይ ኔቨር ቱ ሪተርን» የሚል ቢገኝ፥ አንባቢው «ላይመለስ ቈርጦ ሄደ» ብሎ ሊነግራት ይችላል። ጽሑፉ ግን ልጁ ምን እንዳሰበ አልተናገረም፤ «ሄደ፤ ከዚያም ወዲያ አልተመለሰም» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእናቲቱ ቀላል አይደለም፤ አንደኛው ልጇ እንደ ጣላት፥ ሁለተኛው አንድ ነገር እንዳገኘው ይነግራታል።

ይህን ለመለየት አማርኛው ራሱ ጥሩ መፈተኛ አለው፤ «ብሎ» የሚለውን ቃል ማስገባት ነው። «ጨው ልግዛ ብሎ ሄደ» ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ዐላማ ነው። «በሩን ክፍት ሆኖ ላግኘው ብሎ ተመለሰ» ማለት ግን አይመችም፤ ስለዚህ የደረሰ ነገር ነው። በፈተናው ያልተለየ ቢኖር፥ እንደ «ኔቨር» ያለ ቃል፥ ወይም «ኦንሊ» የሚል በ«ቱ» ፊት መኖሩን ማየት ይገባል፤ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ የደረሰውን ነገር ያመለክታሉ።

እግሩን ያጣ የመሄድ ግሥም አለ። «አይ አም ጎይንግ ቱ ኢት» ማለት «ልበላ ነው» ማለት ነው፤ ከተቀመጠበት ባይንቀሳቀስም ይባላል። «ኢት ኢዝ ጎይንግ ቱ ሬን» ሊዘንብ ነው ማለት ነው፤ ዝናሙ የሚሄድበት ስፍራ የለም። እንግሊዞች ይህን አነጋገር የጀመሩት በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሲሆን፥ አስቀድሞ በእውነት ለሚሄድ ሰው ይነገር የነበረው ቀስ በቀስ ለሚመጣው ጊዜ ምልክት ሆነ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አይከብድም፤ «ሊበላ ሄደ»ና «ሊበላ ነው» በአንድ መልክ ይነገራሉና፥ ሄደን አንሥቶ ነውን መተካት ብቻ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ማሳየት ይበቃል። «ስቶፕድ ቱ ድሪንክ» ለመጠጣት ቆመ፥ «ስቶፕድ ድሪንኪንግ» መጠጣቱን ተወ ነው፤ አንዱን በሌላው ፈንታ ያነበበ ጠጪውን ባሕታዊ ያደርገዋል። «ዌንት ኦን ቱ ሴይ» ከዚያ ቀጥሎ ሌላ ነገር ተናገረ፥ «ዌንት ኦን ሴይንግ» ያንኑ ሲናገር ቈየ ነው። «ኬም ቱ ኖው» እያደር ዐወቀ ነው። አደንና ዓሣ ማጥመድን ለመሰሉት ደግሞ እንግሊዝኛ «ቱ»ን ትቶ «ዌንት ሃንቲንግ»፥ «ዌንት ፊሺንግ» ማለትን ይመርጣል።

ይህን ሁሉ ለማስተማር መጽሐፍ የሌለው ትምህርት ቤት አይቸገርም፤ በርና ግቢ ይበቃል። መምህሩ በበሩ አጠገብ ቆሞ አንዱን ተማሪ «ዎክ አውት»፥ «ከም ባክ ኢን»፥ «ረን አውት ቱ ፌች ዘ ቦል» እያለ ያዝዘዋል፤ ተማሪው ያደርገዋል፥ የቀሩትም የሠራውን በአማርኛ «ኳሱን ሊያመጣ ሮጦ ወጣ» ብለው ይናገራሉ። ከዚያም «ረን አውት ኤንድ ዎክ ባክ» ይበለው። ሲወጣም ሲመለስም የሮጠ ተማሪ ሁለተኛውን ግሥ አልሰማም፤ ሮጦ ወጥቶ በዚያው የቀረ «ባክ» የምትለውን አልሰማም፤ ከነጭራሹ ከክፍሉ ሳይወጣ ወዲያና ወዲህ የሮጠ ደግሞ «አውት» የምትለው አምልጣዋለች። መምህሩም ለነገው ትምህርት የትኛውን ቃል በሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ከዚያው ያውቃል።